ጠመንጃው ሲበትን መነጽሩን አትንካ

ባለፈው ኅዳር፣ ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ነበር። ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ያለችውን የእንጨት ሥራ ቤቴን ልዘጋ ስል ስልኬ ጠራ። የእህቴ ልጅ ነው። ከዶዶላ በላይ ባለ የአደን ካምፕ ይሠራል። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቷል፤ ብርዱ ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል። “ጋሼ፣ የእንግዳው ብረት እየበተነ ነው” አለኝ። “ሃያ ሁለት ጥይት ጨረስን። አንዱ ላይ ነው፣ አንዱ ታች። ሰውዬው ከሦስት ቀን በኋላ አደን ይወጣል። ምን ላድርግ?”

“መነጽሩን ስንት ጊዜ አዞራችሁት?” አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ “እኔ እንጃ፣ ብዙ ጊዜ” አለ።

እዚያው ካምፕ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የእንግዶችን ጠመንጃ መጥረግ፣ መጠበቅና ዒላማ ላይ ማስሞከር የእኔ ሥራ ነበር። ጠመንጃ ሲበትን ሰው ሁሉ መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ከላዩ ወዳለው የማነጣጠሪያ መነጽር ነው። መነጽሩ ግን ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ያዛውራል እንጂ የተበተነውን አይሰበስብም። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው። በመሐል ጥይቱ ያልቃል። አንድ መንገደኛ በአውሮፕላን ይዞት የሚመጣው ጥይት ከ5 ኪሎ አይበልጥም። ያለቀበት እንግዳ ደግሞ ዶዶላ ገበያ ወርዶ አይገዛም።

ያን ማታ በስልክ የነገርኩትን፣ በማግስቱም እዚያው ሄጄ ያደረግነውን እጽፈዋለሁ። በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮስ የአደን ጠመንጃ በእጁ ላለ፣ ወይም እንደ እህቴ ልጅ የሰው ጠመንጃ በአደራ ለሚይዝ ሰው ይጠቅማል። ለእሱ እንደነገርኩት ስለምጽፈው “አንተ” ማለቴን አትቀየሙኝ።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ልንገራችሁ። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ዓመት፣ የመነጽሩ ማሰሪያ የላላ ጠመንጃ የያዘ እንግዳ አንዱን ሆዱ ላይ መታው። ሁለት ቀን ሙሉ አስታ ቁጥቋጦው ውስጥ ደሙን እየተከተልን ሄድን። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለና ደሙን አጠበው። ሳናገኘው ቀረን። በካምፓችን ደም የፈሰሰው እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል፤ እንግዳው ሙሉውን ከፍሎ ባዶ እጁን ተመለሰ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የእንስሳው ስቃይ ነው። በአንድ ብሎን መላላት የመጣ ነው።

ከሁሉ በፊት ጠመንጃውን ባዶ አድርግ። መቀርቀሪያውን ስበህ አውጣ። ጥይት የሚገባበትን ቀዳዳ በዓይንህ እይ፣ በትንሿ ጣትህም ዳስስ። ጥይቶቹን ሌላ ክፍል አስቀምጥ። ተኩሶ መሞከር በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው፤ ከወረቀቱ ጀርባ ጥይቱን የሚቀበል የአፈር ግድግዳ ይኑር። ከተማ ውስጥ አይታሰብም። መሣሪያው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያለው ይሁን። አደኑም ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የተኮስክበትን ወረቀት አትጣል። እያንዳንዱ ጥይት ስንተኛ እንደሆነ ቀዳዳው አጠገብ በእስክሪብቶ ጻፍ። ሦስቱ ቀዳዳዎች አንድ ላይ ተሰብስበው ከመሐሉ ርቀው ከሆነ ጠመንጃህ ደኅና ነው። ያኔ ብቻ መነጽሩን ማዞር ትችላለህ። ብዙዎቹ መነጽሮች አንድ “ቀጭ” ባሉ ቁጥር በ100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ 1 ሣንቲ ሜትር። የማዞሪያው ክዳን ላይ ተጽፏል። ቀዳዳዎቹ ተበታትነው ከሆነ ግን እጅህን ሰብስብ።

የአበታተኑ መልክ ራሱ ይናገራል። ሁለት የተለያዩ ጥቅሎች ካየህ፣ የሆነ ነገር ላልቶ በሁለት ቦታ መካከል ይንቀሳቀሳል። ቀዳዳዎቹ በርሜሉ በጋለ ቁጥር ወደ አንድ አቅጣጫ እየተጓዙ ከሄዱ፣ በርሜሉን የሆነ ነገር እየገፋው ነው። የመጀመሪያው ጥይት ብቻ ወጣ ካለ፣ ብዙ ጊዜ በርሜሉ ውስጥ ዘይት ቀርቷል ማለት ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው።

ጤነኛው ስንት ነው ትለኝ ይሆናል። ቀጭን በርሜል ያለው የአደን ጠመንጃ፣ በጥሩ ጥይትና በጥሩ መደገፊያ፣ በ100 ሜትር ሦስት ጥይት ከ3 እስከ 5 ሣንቲ ሜትር ውስጥ ቢሰበስብልህ ለአደን ይበቃሃል። የዚህ እንግዳ ባለ .300 ዊንቸስተር ማግነም ጠመንጃ ሦስት ጥይቱ በሻይ ሰሃን አይሸፈንም ነበር።

“ሰውዬው ከፍታው ነው ይላል” አለኝ ልጁ። ይህን ብዙ እንግዶች ይሉታል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አጋዘኑ ያለበት ጫካ 3,000 ይደርሳል። አየሩ ስለሚሳሳ ጥይቱ ሩቅ ቦታ ላይ ጥቂት ሣንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሊያርፍ ይችላል። በ100 ሜትር ግን ልዩነቱ አይታይም ማለት ይቻላል። ደግሞም ከፍታ ሁሉንም ጥይት እኩል ያነሳል እንጂ አይበትንም።

ስለዚህ በብሎኖች ጀምር። መነጽሩን የያዙትን ቀለበቶች፣ ከሥራቸው ያለውን መሠረት፣ ከዚያ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ትልልቅ ብሎኖች ከታች በኩል። ልኩ የሆነ ካቻቪቴ ያዝ፤ የሚንሸራተት ካቻቪቴ የብሎኑን ራስ ይበላዋል። አምራቹ የጻፈው ልክ ካለ እሱን ተከተል። ከሌለ፣ የቀለበቶቹ ብሎኖች 2 ኒውተን ሜትር ያህል ይበቃቸዋል፤ እንጨት ላይ ለሚያርፉት ለትልልቆቹ ከ4 እስከ 5። ከትልልቆቹ መጀመሪያ የፊተኛውን፣ ከዚያ የኋለኛውን አጥብቅ። ጉልበት አታሳይ። እንጨት ሲጨፈለቅ ብሎኑ ለጊዜው የጠበቀ ይመስላል፤ ከሳምንት በኋላ መልሶ ይላላል።

ልጁ ወርዶ ሞከረና ተመልሶ ደወለ። ቀለበቶቹ ደኅና ናቸው። የፊተኛው ትልቁ ብሎን ግን ግማሽ ዙር ዞረለት። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ጥይት ተኩሰው ደወለልኝ። 11 ሣንቲ ሜትር ሆኗል። ተሻሽሏል፣ ግን ገና ነው። ደግሞ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥይት ወደ ግራ እየተጓዙ ነው።

“5 ብር አለህ? አዲሱን፣ ያልተጨማደደውን” አልኩት። ብሩን በርሜሉና እንጨቱ መካከል ከፊት በኩል አስገብቶ ወደ ኋላ እንዲስበው ነገርኩት። ብዙ ጠመንጃ ላይ በርሜሉ ከፊት ለፊት እንጨቱን ሳይነካ እንዲንሳፈፍ ተደርጎ ይሠራል። ሲተኮስ በርሜሉ እንደ ክራር ክር ይርገበገባል። በየጊዜው እኩል እንዲርገበገብ ነጻ መሆን አለበት። ብሩ አራት ጣት ያህል ገብቶ በቀኝ በኩል ጥርቅም አለ።

ከዚህ በኋላ በስልክ አይሆንም። ብርጭቆ ወረቀት፣ ክብ እንጨትና አንድ ጠርሙስ የእንጨት መቀቢያ ጎማላካ ቋጥሬ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ አድርጌ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ጤዛው እኩለ ቀን ድረስ ሣሩ ላይ ይውላል። ጠመንጃው ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ አድሯል። እንጨቱን ስነካው ነገሩ ገባኝ።

በክረምት የሚጣበቅ የቤት በር ታውቃለህ? በበጋ በጣት የምትገፋው በር ሐምሌ ላይ በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። ይህም እንደዚያው ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ወደ ጎን ያብጣል፤ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም። የጠመንጃው እንጨት ከውጭ እንደ መስታወት ተወልውሏል። በርሜሉ የሚተኛበት ቦይ ውስጡ ግን ደረቅ ነው፣ ማንም አልቀባውም። የፊተኛው ጫፍ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ የእንጨት ጫፍ ውሃ የሚጠጣው እንደ ስፖንጅ ነው። ሰውዬው አገሩ ሆኖ ሲያስተካክለው እንጨቱ ደርቆ ነበር። እዚህ መጥቶ ጠጣ፣ አበጠ፣ ቀኝ ግድግዳው በርሜሉን መግፋት ጀመረ። በርሜሉ ሲግል ግፊቱ ይለወጣል። ጥይቱ ወደ ግራ የተጓዘው ለዚህ ነው።

እንጨቱን ከመንካቴ በፊት ባለቤቱን አስፈቀድኩ። ይህን አትዝለል። የሰው ንብረት ነው፤ አንዴ የተፋቀ እንጨት አይመለስም። ሌላም ልብ በል። አንዳንድ ፋብሪካ ሆን ብሎ ከእንጨቱ ጫፍ ሥር በርሜሉን የሚደግፉ ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች ይተዋል። በግራም በቀኝም እኩል ከሆኑ የፋብሪካው ሥራ ናቸውና ተዋቸው። በአንድ ጎን ብቻ የሚጫን ነገር ነው ጠላትህ።

ብረቱ እንጨቱ ውስጥ በነጻነት መቀመጡን ደግሞ እንዲህ ትፈትሻለህ። ጠመንጃውን በሰደፉ አቁመው። በርሜሉና የእንጨቱ ጫፍ የሚገናኙበት ላይ ጣትህን አሳርፍ፣ ግማሹ ብረቱን ግማሹ እንጨቱን ይንካ። ሌላ ሰው የፊተኛውን ብሎን በቀስታ ያላላ፣ መልሶም ያጥብቅ። በርሜሉ ከጣትህ ሥር ወጣ ገባ ሲል ከተሰማህ ብረቱ ተጣሞ ነው የተቀመጠው፤ ያ የጠመንጃ ጠጋኝ ሥራ ነው። የእንግዳው ምንም አልተንቀሳቀሰም። ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ኩራዝ ለኮስን። በርሜሉን ከእንጨቱ አውጥቼ የታችኛውን ጎኑን ጭሱ ላይ በቀስታ አዞርኩት። ስስ ጥላሸት ያዘ። ጎኑን ሳላስነካ ቀጥ አድርጌ ወደ ቦታው መለስኩት። ብሎኖቹን አጠበቅን። በርሜሉን በመዳፌ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረግሁና እንደገና ፈታነው፤ አሁንም ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማንሳት ነው፣ አለዚያ ጥላሸቱ ይቀባባል። የእህቴ ልጅ የስልኩን መብራት ቦዩ ውስጥ አበራ። ቀኝ ግድግዳው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። ሌላው እንጨት ንጹሕ ነው።

ብርጭቆ ወረቀቱን ክቡ እንጨት ላይ ጠቅልዬ ጥቁሯን ቦታ ብቻ ፋቅሁ። መሮ አትጠቀም፤ መሮ ከሚገባው በላይ ይነቅላል። ኩራዙን፣ መግጠሙን፣ መፍታቱን ሦስት ጊዜ ደገምነው። በየጊዜው ነጥቧ ትንሽ ወደ ኋላ እየሸሸች መጣች፣ በመጨረሻ ጠፋች። ብሩ ሰተት ብሎ ገባ። በዚህ አላቆምኩም። እንጨቱ ነገም ይጠጣል። ብሩን አራት እጥፍ አጥፌ እሱም እስኪያልፍ ድረስ ፋቅሁ። እስከ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር ምንም አይጎዳም። ብረቱ የሚቀመጥበትን የኋለኛውን ቦታ ግን፣ በተለይ ርግጫውን የሚቀበለውን ጉጥ አካባቢ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልነካሁም። አንተም አትንካ።

የተፋቀውን ቦታ፣ ቦዩን በሙሉና የፊተኛውን ጫፍ በጎማላካ ሁለት ጊዜ ቀባነው። ጎማላካ በአልኮል ስለሚሟሟ ቶሎ ይደርቃል፤ በዚያ ብርድ ሌሊት ቫርኒሽ አይደርቅልንም ነበር። ውሃ በመከላከል ግን ቫርኒሽ ይበልጣል። ሰውዬው አገሩ ሲገባ በደንብ በቫርኒሽ እንዲያስቀባው ነገርነው።

እንጨቱ እስኪደርቅ በርሜሉን ጠረግን። ሰው በርሜል አጸዳሁ ሲል ብዙ ጊዜ የባሩዱን ጥላሸት ማለቱ ነው። ጥይቱ የለበሰው መዳብ ግን በርሜሉ ውስጥ እየተላጨ ይጣበቃል፤ ሲበዛ ጥይቱን ያዛባል። ለመዳብ የሚሆን አሞኒያ ያለው ማጽጃ ያስፈልጋል። በጨርቅ አስገብተህ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል ጠብቅና ሌላ ነጭ ጨርቅ አሳልፍ። ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ መዳብ አለ። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገም። ዘንጉን ሁልጊዜ ከኋላ፣ መቀርቀሪያው በወጣበት በኩል አስገባ። ከፊት የሚያስገባ ሰው የአፈሙዙን ጠርዝ በዘንጉ ይፍቀዋል። ጥይቱ በመጨረሻ የሚነካው ያንን ጠርዝ ነው፤ አንድ ጎኑ ቢጎድል ጋዙ በዚያ ቀድሞ ያመልጥና ጥይቱን ይገፈትረዋል። ለመፈተሽ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ውሰድ። ከውስጥ ወደ ውጭ ጠርዙን እየነካህ ዙር። ጥጡ የሆነ ቦታ ክር ጥሎ ከቀረ እዚያ ላይ ጉዳት አለ። ራስህ በሞረድ ልጠግነው እንዳትል። የእንግዳው ጥጡን አልያዘም።

ጥይት ላይ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። አትቀላቅል። ሌላ ዓመት አንድ እንግዳ አንዱ ሳጥን 150 ግሬን፣ ሌላው 180 ግሬን ይዞ መጥቶ ከሁለቱም እየመዘዘ ሲተኩስ ውሏል። ያ 9.7 ግራምና 11.7 ግራም ማለት ነው። ሁለት ጥቅል ወጣለት፤ መነጽሩ ተሰብሯል ብሎ ነበር። የጥይቱ ክብደት፣ ስሙና በሳጥኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ ይሁን። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይም አትተወው፤ የጋለ ባሩድ ግፊቱ ይጨምራል።

ሁሉ ነገር ደኅና ሆኖ አሁንም ከበተነ፣ ያኔ መነጽሩን ጠርጥር። በጣም አስተማማኙ ፈተና ደኅና መሆኑን የምታውቀውን ሌላ መነጽር ገጥሞ መተኮስ ነው። ዓይንህን ግራ ቀኝ ስታንቀሳቅስ መነጽሩ ውስጥ ያለው መስቀል ዒላማው ላይ ከሸሸ ደግሞ ጉንጭህን ሰደፉ ላይ በየጊዜው አንድ ቦታ አሳርፍ።

ተኳሹንም አትርሳ። የሚራገጥ ጠመንጃ ትልቅ ሰው ያስደነግጣል። ይህን ለእንግዳ መናገር ከባድ ነው፣ ስለዚህ ጠመንጃው ራሱ እንዲናገር እናደርጋለን። ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅለህ፣ ሰውዬው ፈቅዶ፣ የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ አጉርስለት። ቃታውን ሲስብ “ቀጭ” ብሎ አፈሙዙ ወደ ታች ከነቀነቀ፣ ድንጋጤው ነው። ያኔ መድኃኒቱ ትንሽ ዕረፍትና በባዶ ጠመንጃ ደጋግሞ ቃታ መሳብ ነው። መደገፊያውን አሸዋ የሞላ ከረጢት አድርገው፤ እንጨቱ እንጂ በርሜሉ ከረጢቱ ላይ አይረፍ። ሦስት ጥይት ተኩሰህ አቁም። በርሜሉን በእጅህ ጨብጠህ መያዝ ካቃተህ ገና አልበረደም። ቡና ይፈላ፣ አንድ ሲኒ ይጠጣ፣ ከዚያ ቀጥል። ከሁሉም በላይ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። ብሎኑንም ጥይቱንም መነጽሩንም አንድ ላይ ከለወጥክ የትኛው እንደፈወሰው አታውቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ጎማላካው ደርቆ፣ እንግዳው አንድ ጥይት ወደ ባዶ አፈር ተኮሰ። ከተጠረገ በርሜል የምትወጣዋን የመጀመሪያዋን አንቆጥራትም። ከዚያ ሦስት፣ በመሐል እያረፈ። ወረቀቱን ላየው ስሄድ የእህቴ ልጅ ቀድሞኝ ሮጠ። ሦስቱ ቀዳዳዎች 4 ሣንቲ ሜትር ውስጥ ናቸው። ከመሐሉ ግን ወደ ታችና ወደ ቀኝ ርቀዋል፤ ያን ሁሉ ጊዜ መነጽሩን ሲያዞሩት ነበርና። አሁን ማዞር ይቻላል። በማስመሪያ ለክተን፣ ቆጥረን አዞርነው። የሚቀጥሉት ሦስቱ መሐል ገቡ።

ወረቀቱን አላወረድነውም። በአደን ላይ ዋናዋ ከቀዝቃዛ በርሜል የምትወጣዋ የመጀመሪያዋ ጥይት ናት፤ እሷን መፈተሽ የሚቻለው ጠዋት ብቻ ነው። ጠመንጃው ሌሊቱን እዚያው ድንኳን ውስጥ አደረ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጭጋጉ ገና ሳይነሳ፣ እንግዳው አንዲት ጥይት ተኮሰ። ከሦስቱ ቀዳዳዎች አጠገብ፣ ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ አረፈች። የእህቴ ልጅ እስክሪብቶውን አውጥቶ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈባት።